የማሸጊያ ኅትመት፦ የቀለም ልክና የግፊት ነገር

በዚህ ዕትም ከአዳማ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው ዓምዱን በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ ፍሌክሶግራፊ፣ በማተሚያ ቤት ሰዎች አጠራር ፍሌክሶ፣ የሚባለው የኅትመት ዘዴና በማሸጊያ ላይ ያለው አገልግሎት ነው። የዳቦው ፌስታል፣ የዱቄቱ ማዳበሪያ፣ የሳሙናው ካርቶን በብዛት የሚታተሙት በዚህ ዘዴ ስለሆነ መልሶቹን ሰፋ አድርገን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የባልትና ውጤቶች አዘጋጅ ነኝ። ሽሮ፣ በርበሬና በሶ አሽጌ ለአዳማ ሱቆች አከፋፍላለሁ። እስካሁን ስሜን የያዘ ተለጣፊ ወረቀት በላስቲኩ ላይ እየለጠፍኩ ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን ምልክቴ በቀጥታ በላስቲኩ ላይ እንዲታተምልኝ ፈልጌ ወደ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የሚያትሙት በፍሌክሶ እንደሆነ፣ ለአራት ቀለም የአራት ፕሌት ዋጋ መክፈል እንዳለብኝ፣ ከተወሰነ ኪሎ በታችም ትእዛዝ እንደማይቀበሉ ነገሩኝ። ማሽኑ እንዴት ነው የሚሠራው? ለእያንዳንዱ ቀለም ለየብቻ የምከፍለውስ ስለምንድን ነው?

መልስ፦ የዘዴውን መሠረት ለመረዳት በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የጎማ ማኅተም ያስቡ። ጽሑፉ ከጎማው ወለል ከፍ ብሎ በግልባጭ ተቀርጿል፤ ቀለም የሚነካው ከፍ ያለው ክፍል ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ የሚያርፈውም እርሱ ብቻ ነው። የፍሌክሶ መሠረትም ይኸው ነው። ልዩነቱ ፕሌት የሚባለው ተጣጣፊ የፖሊመር ንጣፍ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ተለጥፎ፣ ከጥቅል የሚፈታው ላስቲክ በአጠገቡ እያለፈ ሳያቋርጥ መታተሙ ነው። ዘመናዊ ማሽኖች በዚህ አኳኋን በደቂቃ ከ300 ሜትር በላይ ማተም ይችላሉ።

በአንድ የቀለም ክፍል ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሲሊንደሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቀለም የሚሰፍረው አኒሎክስ የሚባለው ሮለር፣ ሁለተኛው ፕሌቱ የተለጠፈበት ሲሊንደር፣ ሦስተኛው ላስቲኩን ከጀርባው ደግፎ ወደ ፕሌቱ የሚያስጠጋው የግፊት ሲሊንደር ነው። ከሦስቱ ነገሩን የሚወስነው አኒሎክስ ስለሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። አኒሎክስ ላዩ በሴራሚክ የተለበጠ ሮለር ሲሆን፣ በሌዘር የተቀረጹ፣ በዓይን የማይለዩ እጅግ ደቃቅ ጉድጓዶች መላ ገጹን ሸፍነውታል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ርዝመት 120 መስመር ያለው አኒሎክስ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ14,000 በላይ ጉድጓዶች አሉት። ሮለሩ በቀለም ውስጥ ሲዞር ጉድጓዶቹ ይሞላሉ፤ ከዚያም ዶክተር ብሌድ የሚባል ቀጭን የብረት ምላጭ ከላይ የተረፈውን ቀለም ጠርጎ ስለሚመልሰው፣ ወደ ፕሌቱ የሚሻገረው በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረው ብቻ ይሆናል። ለደቃቅ ሥዕል የሚመረጥ ሮለር በአንድ ካሬ ሜትር ስፋቱ 4 ሚሊ ሊትር ያህል ቀለም ቢይዝ ይበቃዋል፤ ሰፊ ቦታን በአንድ ወጥ ቀለም መሸፈን ሲፈለግ ግን የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ የሚይዝ ይመረጣል። ስለዚህ በፍሌክሶ ቀለሙን የሚያደምቀው ወይም የሚያደበዝዘው በመጀመሪያ ደረጃ የሮለሩ ምርጫ ነው እንጂ የኦፕሬተሩ ጉልበት አይደለም።

ግፊትን በተመለከተም ተመሳሳይ ነገር ይነገራል። ፕሌቱ ለስላሳ በመሆኑ ላስቲኩን ሊነካው ብቻ ይገባል፤ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ የሚጨመረው ግፊት ቢበዛ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ማለፍ የለበትም። ኅትመቱ በአንድ በኩል ሳስቶ ሲታይ ብዙ ኦፕሬተሮች ወዲያው ግፊት ይጨምራሉ፤ የሳሳው ቦታ ይሞላል፣ ነገር ግን በሌላው በኩል ፊደሉ ይወፍራል፣ ዳር ዳሩም ጠቆር ያለ ክፈፍ ያወጣል። መፍትሔው ፕሌቱ በደንብ መለጠፉን፣ የማጣበቂያው ቴፕ ውፍረት እኩል መሆኑንና አኒሎክሱ በደረቀ ቀለም አለመደፈኑን ማየት ነው። በዚህ ዓምድ ከተነሡት ችግሮች የሚበዙት ቀለሙ በልኩ ባለመሰፈሩ ወይም ግፊቱ በመብዛቱ የመጡ እንደሆኑ ከታች ያያሉ።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ክፍል፣ የራሱ አኒሎክስና የራሱ ፕሌት ይፈልጋል፤ አንዱ ፕሌት ቀዩን ብቻ፣ ሌላው አረንጓዴውን ብቻ ያትማል፤ ሥዕሉ የሚሟላው ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ጠብቀው ሲገጥሙ ነው። ፕሌቱ የሚሠራው ለብርሃን በሚጠነክር ፖሊመር ነው። በመጀመሪያ ከጀርባው በኩል አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ይመታና ወለሉ ይጠነክራል፤ ከዚያ ከፊት በኩል ሥዕሉ ባለበት ቦታ ብቻ ብርሃን እንዲያልፍ ተደርጎ ለሁለተኛ ጊዜ ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ክፍል ጠንክሮ ይቀራል፤ ያላገኘው በሶልቬንት (በማሟሟያ ፈሳሽ) ወይም በውኃ ታጥቦ ይወገዳል፣ ወይም በሙቀት ቀልጦ ይነሣል። ከዚያ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ገጹ እንዳይጣበቅ እንደገና ለብርሃን ይጋለጣል። ይህ ሁሉ ለአንድ ቀለም ነው፤ ለአራት ቀለም አራት ጊዜ ይደገማል።

ትእዛዙ ከተወሰነ ኪሎ በታች የማይሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ማሽኑ ሲነሣ ቀለሞቹ ተስተካክለው እስኪገጥሙ ድረስ ብዙ ሜትር ላስቲክ ይባክናል፤ ይህ ብክነት 50 ኪሎም ታተመ 1,000 ኪሎ ያው ነው። ትእዛዝዎ አነስተኛ ከሆነ በተለጣፊ ሌብል መቀጠሉ ሊያዋጣዎት ስለሚችል ሁለቱን ዋጋ በአንድ ከረጢት ሒሳብ አስልተው ያወዳድሩ።

ከመስማማትዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ነጭ ቀለም ከአራቱ ውስጥ ነው ወይስ አምስተኛ ነው? በብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ብቻውን ቢታተም የበርበሬው መልክ ከኋላ እየታየ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ከሥር ነጭ መነጠፍ አለበት፤ ነጩም እንደ ማንኛውም ቀለም ፕሌትና ክፍል ይወስዳል። የማሽኑንም ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። የቀለም ክፍሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደሩበት ማሽን ዋጋው ቀለል ያለና ሁለቱንም ገጽ ለማተም የሚመች ቢሆንም፣ ላስቲኩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ስለሚሳብ ቀለሞቹ ሊዛነፉ ይችላሉ። ላስቲኩ በአንድ ትልቅ ከበሮ ላይ ተለጥፎ ሁሉንም ቀለም የሚቀበልበት ማሽን ግን ለቀጭንና ለሚሳብ ላስቲክ እጅግ የተሻለ ነው። የሚታተምልዎ በመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ቀለማቱ በጠባቡ የሚገናኙበትን ዲዛይን ትተው ተራርቀው የሚቀመጡ ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ቀለሞችን ይምረጡ። በትክክል የገጠመ ባለ ሁለት ቀለም ማሸጊያ ከተዛነፈ ባለ ስድስት ቀለም ይልቅ ለዕቃዎ ክብር ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በአዳማ በሚገኝ የዱቄት ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ባለ 50 ኪሎ ማዳበሪያ አሳትመን ስንረከብ ሁለት ነገር ያስቸግረናል። አንደኛ፣ በአንድ ትእዛዝ ውስጥ ያሉት ከረጢቶች ሰማያዊ ቀለም ይለያያል፤ አንዱ እስር የደመቀ፣ ሌላው የፈዘዘ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጫኝና አውራጆቹ ሲያነሡት ቀለሙ በእጃቸውና በልብሳቸው ላይ ይለቃል። የማን ጥፋት ነው?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች አንድ ላይ ቢመጡም ምንጫቸው የተለያየ ነው።

የቀለሙ መለያየት ብዙውን ጊዜ ከውፍረቱ፣ ማለትም ከቀለሙ የመፍሰስ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። የፍሌክሶ ቀለም ኦፍሴት እንደሚባለው ሌላ የኅትመት ዘዴ ቀለም ድፍን ያለ አይደለም፤ ቀጭንና ፈሳሽ ነው። በላስቲክና በማዳበሪያ ላይ የሚታተመው በአብዛኛው የሚሟሟው በፍጥነት በሚተን ሶልቬንት፣ ለምሳሌ በኤታኖልና በኤቲል አሲቴት ነው። መተኑ ለማድረቅ ይፈለጋል፤ ነገር ግን ሶልቬንቱ የሚተነው ከታተመው ከረጢት ላይ ብቻ ሳይሆን ከቀለም ባልዲውና ከመሙያው ገንዳም ጭምር ነው። እንደ አዳማ ባለ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ከቀትር በኋላ የማተሚያ ክፍሉ ሲግል ቀለሙ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየወፈረ ይሄዳል። የወፈረ ቀለም ይደምቃል፣ በአኒሎክሱ ጉድጓዶች ውስጥም መድረቅ ይጀምራል። ኦፕሬተሩ ይህን ሲያይ በግምት ሶልቬንት ይጨምርበታል፤ ቀለሙም በአንድ ጊዜ ቀጥኖ ይፈዛል። በአንድ ትእዛዝ ውስጥ የደመቀና የፈዘዘ እስር የሚገኘው እንዲህ ነው።

መቆጣጠሪያው ቀላልና ርካሽ ነው። ሥሯ ላይ ልኩ የታወቀ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የብረት ኩባያ በቀለሙ ውስጥ ትነከርና ሙሉ ሆና ስትወጣ ሰዓት ይያዛል፤ ከቀዳዳው የሚወርደው ቀጭን ክር የተቋረጠበት ቅጽበት ይመዘገባል። ዛን ቁጥር 2 በሚባለው ኩባያ ለላስቲክ የሚሠራ ቀለም በተለምዶ ከ18 እስከ 25 ሰከንድ ውስጥ ይሆናል። ሥራው በ20 ሰከንድ ከተጀመረ በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ ተለክቶ በዚያው ዙሪያ መጠበቅ አለበት፤ ሶልቬንቱም በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ፣ ባልዲው ተከድኖ መቀመጥ ይኖርበታል። በሞቃት ቀን ከሚጨመረው ላይ ከፊሉ ዝግ ብሎ የሚተን፣ ለምሳሌ ኖርማል ፕሮፓኖል፣ ቢሆን ይመረጣል። በውኃ የሚሟሟ ቀለም ሲሆን ደግሞ ከሰከንዱ በተጨማሪ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ይለካል፤ በአብዛኛው ከ8.5 እስከ 9.5 ባለው ውስጥ ካልተጠበቀ ቀለሙ ይወፍራል። የማተሚያ ቤቱን የመለኪያ መዝገብ እንዲያሳዩዎት መጠየቅ መብትዎ ነው። መዝገብ የሌለው ማተሚያ ቤት ሁለተኛውን ትእዛዝ ከመጀመሪያው ጋር ሊያመሳስል የሚችለው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

የቀለሙ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ማዳበሪያው የሚሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን፣ ፌስታሉ ከፖሊኢትሊን ሲሆን፣ ሁለቱም በተፈጥሯቸው ፈሳሽ የማይቀበሉ ናቸው፤ ቀለም ሲያርፍባቸው ተዘርግቶ ከመያዝ ይልቅ ወደ መሰብሰብ ያዘነብላል። ስለዚህ ከመታተማቸው በፊት ገጻቸው ኮሮና በሚባል የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ይታከማል። ሕክምናው የገጹን ቀለም የመቀበል ኃይል ከፍ ያደርገዋል፤ ይህም ዳይን በሚባል መለኪያ ሲለካ ለኅትመት ቢያንስ 38 መድረስ ይኖርበታል። ሕክምናው ዘላቂ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከተሠራ በኋላ ለወራት በሙቅ መጋዘን የተቀመጠ ጥቅል ኃይሉ ወርዶ ሊገኝ ስለሚችል ከመታተሙ በፊት እንደገና መለካት አለበት። ከዚህ ሌላ ለወረቀት የተዘጋጀ ቀለም ለማዳበሪያ ከዋለ፣ ወይም ቀለሙ ሳይደርቅ ከረጢቱ ከተጠቀለለ ውጤቱ ያው ነው።

እርስዎ በመጋዘኑ በር ላይ ሊያደርጉት የሚችሉት ምርመራ አለ። ከእያንዳንዱ እስር አንድ ከረጢት መዝዘው የታተመው ቦታ ላይ ግልጽ ስኮች ይለጥፉ፤ በአውራ ጣትዎ አጥብቀው ይሹትና ከአንድ ጫፍ ይዘው በፍጥነት ይንቀሉት። ስኮቹ ላይ ቀለም ተገልብጦ ከወጣ ኅትመቱ አልያዘም። ምርመራውን መረከቢያ ሰነድ ከመፈረምዎ በፊት፣ የማተሚያ ቤቱ ሰው በተገኘበት ያድርጉት። የጥፋቱን ባለቤት በተመለከተ፣ ጥሬ ማዳበሪያውን ያቀረባችሁት እናንተ ከሆናችሁ የዳይኑ ጉዳይ ወደ እናንተ ሊመለስ ይችላል፤ እነርሱ ከነኅትመቱ የሚያቀርቡ ከሆነ ግን ሁለቱም ችግሮች የእነርሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። በኮምፒውተር ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ሥራዬ በላስቲክ ሲታተም የአማርኛ ፊደላቱ ይደፈናሉ፤ ክቡ ሥዕልም ሞላላ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ባር ኮዱ አልነበብ ብሎ ደንበኛዬ ተመልሶብኛል። ማተሚያ ቤቱ ዲዛይኑን፣ እኔ ኅትመቱን እንወቅሳለን።

መልስ፦ ፊደልን በተመለከተ የእኛ ጽሕፈት ከላቲን ፊደል ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ለስላሳው ፕሌት ሲጫን በትንሹም ቢሆን ስለሚሰፋ እያንዳንዱ መስመር በኅትመት ጊዜ ይወፍራል፤ በውስጡ ያለው ባዶ ቦታም ይጠብባል። የአማርኛ ኃምስ ፊደላት እግራቸው ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ቀለበቷ ከተደፈነች «ቤ» «ቢ»ን፣ «ሴ» «ሲ»ን፣ «ሌ» «ሊ»ን ይመስላል። ስለዚህ ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም፤ በይዘት ዝርዝርና በአጠቃቀም መመሪያ ላይ ቃሉ ራሱ ይለወጣል። «ኘ»ን ከ«ነ»፣ «ቸ»ን ከ«ተ» የሚለየው ከላይ ያለው ጭረትም እንዲሁ በቀላሉ ይጠፋል ወይም ከፊደሉ ጋር ይዋሐዳል። እንደ እኔ ምክር፣ በላስቲክ ላይ የሚታተም የአማርኛ ጽሑፍ ከ7 ነጥብ ባያንስ፣ በጠቆረ መደብ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከ9 ነጥብ ባይወርድና ጠንከር ያለ የፊደል ቅርጽ ቢመረጥ ይሻላል። ቀለበቶቹና ክፍተቶቹ ሰፋ ያሉ ፊደላትን የያዘ ፎንት ይፈልጉ። ደቃቅ ጽሑፍ ምንጊዜም በአንድ ቀለም ብቻ ይሁን፤ ሦስት ቀለም ተደራርቦ የሚያወጣው ቡናማ ጽሑፍ ቀለሞቹ በፀጉር ስፋት ሲዛነፉ የማይነበብ ይሆናል።

ክቡ ሞላላ የሆነበት ምክንያት የሒሳብ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ ፕሌት በሲሊንደር ላይ ሲጠቀለል የላይኛው ገጹ በዙሪያው አቅጣጫ ይለጠጣል። የመለጠጡ መጠን በፕሌቱ ውፍረትና በሲሊንደሩ ዙሪያ ይወሰናል። ለምሳሌ 1.70 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕሌት በአንድ ሙሉ ዙር ላይ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የኅትመቱ ዙር 400 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይህ 2.5 በመቶ ስለሚሆን፣ ሥዕሉ በዙሪያው አቅጣጫ ብቻ ወደ 97.5 በመቶ አሳጥሮ መሠራት ይኖርበታል። ሥራው የፕሌት ሠሪው ቢሆንም፣ ሲሊንደሩና የፕሌቱ ውፍረት ሳይታወቅ ፋይል መላክ ለዚህ ስሕተት በር ይከፍታል።

የባር ኮዱ መስመሮች ላስቲኩ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሆነው መቀመጥ አለባቸው። ተሻግረው ከተቀመጡ ፕሌቱ ሲጫን ሁሉም መስመር ይወፍርና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠፋል። የመስመሮቹም ስፋት የኅትመቱን ውፍረት አስቀድሞ በሚያካክስ መጠን ይቀነስ። ቀለሙን በተመለከተ፣ የብዙ ሱቆች ማንበቢያ ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀም ቀይ መስመር ለእርሱ እንደ ነጭ ነው፤ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ በነጭ መደብ ላይ ያድርጉት። በተረፈ ወደ ነጭ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ጥላ አይሥሩ፤ በጣም ደቃቅ ነጥቦች በፕሌቱ ላይ ስለማይቆሙ ጥላው በድንገት ተቆርጦ ይታያል። ሁለት ቀለም የሚገናኝበት ቦታም ጥቂት መደራረብ ያስፈልገዋል። እናንተ ሁለታችሁ መወቃቀሱን ትታችሁ ዲዛይኑ ከመጀመሩ በፊት የማሽኑን ልክና አቅም የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ብትለዋወጡ አብዛኛው ችግር ከምንጩ ይደርቃል።

ጥያቄ፦ የሳሙና ካርቶናችን ላይ ቀለሙ መስመር መስመር እየሠራ ይታተማል፤ ካርቶኑም ወደ ጅቡቲ መስመር ተጭኖ ሲሄድ ከታች ያሉት ይደቃሉ። ግንኙነት ይኖረዋል?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። በካርቶኑ ሁለት ወረቀቶች መካከል ያለው ሞገድ፣ ማለትም የተጠማዘዘው ወረቀት፣ ለላይኛው ወረቀት ድጋፍ የሚሰጠው በጫፎቹ ላይ ብቻ ነው፤ ፕሌቱ ሲያርፍ ጫፉ ላይ ቀለሙ ይጠነክራል፣ በመካከሉ ይሳሳል። መስመሩን ለማጥፋት ግፊት ሲጨመር ሞገዱ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀ ሞገድ ደግሞ የካርቶኑን የመደራረብ አቅም ይቀንሳል። ሰፊ ወጥ ቀለም ከመጠቀም መቆጠብ፣ ፕሌቱ ከሥሩ ለስላሳ ስፖንጅ እንዲኖረው ማድረግ፣ ሥዕሉ የግድ የጠራ መሆን ካለበት ደግሞ የላይኛውን ወረቀት ከሞገዱ ጋር ከመጣበቁ በፊት ለብቻው ማሳተም ይሻላል። ለሳሙና የጅምላ ካርቶን በአንድ ወይም በሁለት ቀለም የተጻፈ ጉልህ ስም ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ፣ የልጆች እናትም ነኝ። አንዳንድ የዳቦና የብስኩት ላስቲክ ሲከፈት የቀለም ሽታ ይሸታል። በማሸጊያው ላይ የሚታተመው ቀለም ለምግብ አደገኛ ነውን?

መልስ፦ ጥያቄው ከዘዴው ታሪክ ጋር አብሮ የቆየ ነው። በዚህ መርሕ የሚሠራ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1890 በእንግሊዝ ሊቨርፑል ተሠርቶ የነበረ ሲሆን፣ ቀለሙ ስለሚዝረከረክ ብዙም አልገፋም። በኋላ አኒሊን በተባሉ ማቅለሚያዎች ስለታተመ ዘዴው ራሱ የአኒሊን ኅትመት ይባል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አኒሊን ለምግብ ማሸጊያ የማይስማማ መሆኑን ሲገልጽ ገበያው ወደቀ። አዳዲስ ቀለሞች ከተፈቀዱ በኋላም ስሙ ጥርጣሬን ስላልለቀቀው፣ የሙያው ሰዎች ተመካክረው እ.ኤ.አ. በ1952 ፍሌክሶግራፊ አሉት። ስለዚህ ጥርጣሬዎ ሙያውን ስሙን እስከ መቀየር ያደረሰ ጥርጣሬ ነው፤ በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባል።

በአግባቡ በተሠራ ማሸጊያ ቀለሙ ምግቡን አይነካም። ኅትመቱ በውጭው ገጽ ላይ ይሆናል፤ በብዙ የብስኩትና የፓስታ ማሸጊያዎች ደግሞ በግልጽ ላስቲክ ጀርባ በግልባጭ ታትሞ ሌላ ላስቲክ ይለጠፍበታል፣ ቀለሙም በሁለቱ መካከል ይቀራል። ሽታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በማድረቂያው ውስጥ ሳይወጣ ከቀረ ሶልቬንት ነው። ማሽኑ ከማድረቂያው አቅም በላይ ሲፈጥን ወይም የአየር ማራገቢያው ሲደክም ሶልቬንቱ በቀለሙ ውስጥ ታምቆ ይጠቀለላል። ሌላም መንገድ አለ፤ የታተመው ላስቲክ ሲጠቀለል የውጭው ገጽ የሚቀጥለውን ዙር የውስጥ ገጽ ስለሚነካ፣ ያልደረቀ ቀለም ምግብ ወደሚነካው በኩል ሊሻገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣሊያን የሕፃናት ወተት ከገበያ እንዲሰበሰብ ያደረገው በወተቱ ውስጥ የተገኘ የአልትራ ቫዮሌት ቀለም ማድረቂያ ንጥረ ነገር ነበር። ያ ማሸጊያ የታተመው በኦፍሴት እንጂ በፍሌክሶ አልነበረም፤ ነገር ግን የመሻገሩ መንገድ በጥቅል ለሚታተም ሁሉ ስለሚሠራ ትምህርቱ ለሁሉም ነው።

ለእርስዎ የምሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ሲከፈት የሚሸት ማሸጊያ ያለበትን ምግብ ለሱቁ ይመልሱ። የታተመ ፌስታልን ገልብጠው ምግብ አይያዙበት፤ ለሌላ ዕቃ የታተመ ላስቲክም እንጀራ ወይም ትኩስ ዳቦ አይጠቅልሉበት፤ ሙቀትና ቅባት የቀለሙን መሻገር ያፋጥናሉ። ምግብ አምራቾች ደግሞ ከማተሚያ ቤቱ ቀለሙ ለምግብ ማሸጊያ የተዘጋጀ መሆኑን የሚገልጽ የአምራቹን ሰነድ በጽሑፍ ሊጠይቁ ይገባል፤ ሰነዱን ማቅረብ ያልቻለ ማተሚያ ቤት የምግብ ሥራ ሊሰጠው አይገባም።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያው ትእዛዝ የፕሌት ዋጋ ከፍዬ ነበር። አሁን በሌላ ማተሚያ ቤት ላሳትም ብፈልግ ፕሌቱን መውሰድ እችላለሁ? ስንት ጊዜስ ያገለግላል?

መልስ፦ በደንብ የተያዘ ፕሌት በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠር ዙር ያትማል፤ ስለዚህ ለብዙ ትእዛዝ ይበቃል። ከሥራ በኋላ ቀለሙ ሳይደርቅበት ለፕሌቱ በሚስማማ ፈሳሽና በለስላሳ ብሩሽ መታጠብ፣ ሳይታጠፍ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። ከኤሌክትሪክ ሞተርና ከኮሮና ማሽን አጠገብ ማስቀመጥ ጎጂ ነው፤ እዚያ የሚፈጠረው ኦዞን ፕሌቱን ያሰነጥቀዋል። ባለቤትነቱን በተመለከተ የከፈሉበት ፕሌት የእርስዎ መሆኑ በመጀመሪያው ውል ላይ ተጽፎ ከሆነ መውሰድ ይችላሉ፤ ካልተጻፈ ከሚቀጥለው ትእዛዝ በፊት ያጽፉት። ነገር ግን ፕሌቱ የተሠራው ለአንድ የተወሰነ የሲሊንደር ዙሪያ ተሰልቶ ነው። አዲሱ ማተሚያ ቤት ያው ልክ ያለው ሲሊንደርና ለዚያ የፕሌት ውፍረት የተዘጋጀ ማሽን ከሌለው ሥዕሉ አይገጥምም፤ ስለዚህ ፕሌቱን ከማንሣትዎ በፊት ሁለቱን ልኮች ከመጀመሪያው ማተሚያ ቤት በጽሑፍ ተቀብለው ለአዲሱ ያሳዩ።